ካርዱን ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ

በ2006 ዓ.ም. የካቲት ላይ የሰፈራችን ወጣቶች ቡድን ሜዳ ላይ ያሸነፈውን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ በፎርፌ ተነጠቀ። ያን ጊዜ ሮቤ ከተማ ኳስ ይከታተል የነበረ ሰው ምክንያቱን ሰምቷል፤ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ልጅ ተሰለፈ፣ ተጋጣሚው ክስ አስገባ፣ ውጤቱ 3 ለ 0 ተባለ። ልጁ ቅጣቱን እያወቀ ደብቆ ገባ ተብሎ ተወራ። ለመታየት ስለጓጓ የሰፈሩን ሁሉ ድካም ገደል ከተተው ተባለ። ይህ ሲወራ እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። የቡድን መሪው እኔ ነበርኩ። ካርድ መቁጠር የእኔ ሥራ ነበር። ልጁ ምንም አልደበቀም፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ።

የቡድን መሪ ኳስ አይነካም። የተጫዋቾችን ቴሴራ ይይዛል፣ ከጨዋታ በፊት የተሰላፊዎችን ዝርዝር ሞልቶ ለኮሚሽነሩ ያስረክባል፣ ካርድ ያየውን ይመዘግባል፣ ከውድድሩ ኮሚቴ የሚመጣውን ደብዳቤ አንብቦ ለአሰልጣኙ ይነግራል። ሥራውን በትክክል ከሠራ መኖሩም አይታወቅም። ለእኔ የተሰጠኝ የእጅ ጽሑፌ ደህና ስለሆነና ከሰፈሩ ሰው በዕድሜ ከፍ ካሉት አንዱ ስለሆንኩ ነው። ልጆቹ ጋሼ ይሉኛል። ጋሼ ያሉት ሰው «ተጫወት» ካለ ይጫወታሉ፤ ወረቀቱን አሳየኝ አይሉም።

ጥፋቴ ምን ያህል እንደሆነ እንዲገባችሁ በዚያ ዘመን ሰዉ ላይ የነበረውን ተስፋ ልንገራችሁ።

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተሳተፈች በኋላ 31 ዓመት ሙሉ ወደዚያ ውድድር አልተመለሰችም። የእኔ ዕድሜ ሰው ብሔራዊ ቡድን ጥሩ ነበር ሲባል የሚያውቀው ታላላቆቹ ስለ ሉቺያኖ ቫሳሎና ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲያወሩ ሰምቶ ነው። አሰልጣኝ ከውጭ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቤልጂየማዊው ቶም ሴንትፊት ወራት ብቻ ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲለቅ ሰውነት ቢሻው ተተኩ። ያን ሰሞን በሮቤ ሻይ ቤቶች በዚህ ሹመት የተደሰተ ሰው አላየሁም። የውጭዎቹ ያቃታቸውን አገሬው ምን ያመጣል የሚል ነበር የበዛው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ተስፋው በአንድ ጀምበር አልመጣም። መጀመሪያ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያው ከቤኒን ጋር አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1 ወጥተን ከሜዳችን ውጪ ባገባናት አንዲት ግብ አለፍን። ያን ቀን ሰዉ ገና ዕድል ነው ይል ነበር። ቀጥሎ ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 አሸነፈችን፤ የሚገርመው ግን በማግስቱ ሰው የሚያወራው ስለገቡብን አምስት ግቦች ሳይሆን ስላገባናቸው ሦስቱ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡ፤ 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ እነዚያ ሦስት ግቦች ደቡብ አፍሪካ ላይ ወደሚካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አደረሱን። ያን ምሽት ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ በመኪና ጡሩንባ ተሞላ። በኦሮምኛ ይዘፈናል፣ በአማርኛ ይመለሳል። በኳስ የሚናቆሩት የሮቤና የጎባ ልጆች ተቃቅፈው ሲጨፍሩ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱ ባለ ዋንጫ ዛምቢያ ገጠመችን። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ አዳነ ግርማ ግን በአሥር ሰው አቻ አደረገን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከእኔ የሚበልጡ አባቶች ጋቢያቸውን ጥለው ተነሡ። በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፈውን ተመለስን፤ ተስፋው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰበት። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ነበራ! ቦትስዋናን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ ሰኔ 1 ቀን ሎባትሴ ላይ 2 ለ 1፤ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1። ምድቡን ጨረስነው ብለን ስንጨፍር በዚያው ቀን ፊፋ ኢትዮጵያን እየመረመርኩ ነው አለ። ተጫዋቻችን ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ እያለበት ሎባትሴ ላይ ተሰልፏል።

ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ። ውጤቱ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ያን ሳምንት ሮቤ ላይ ከእኔ በላይ የጮኸ ሰው አልነበረም። «ካርድ መቁጠር ያቃተው ሰው እንዴት የአገር አደራ ይሰጠዋል?» እል ነበር። የቡድን መሪ ስለሆንኩ ሰው ያዳምጠኛል፤ ወረቀቱ እንዴት እንደሚያዝ፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚነበብ በእጄ እያሳየሁ አስረዳለሁ። ጳጉሜ 2 ቀን ብሔራዊ ቡድናችን መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ብራዛቪል ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ስህተቱን ሲያካክስ፣ በዚያው ዕለት ኬፕ ቨርዴ ቱኒዚያን በሜዳዋ 2 ለ 0 ረትታ ለዓለም ዋንጫው አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፈርናንዶ ቫሬላ የሚባለው ተጫዋቿ ቅጣት ላይ እያለ ነው የተሰለፈው ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ፤ ቱኒዚያ አለፈች። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት የደሴት አገር በአንድ ያልተነበበ ወረቀት ከዓለም ዋንጫ በር ተመለሰች እያልኩ ይህንንም ለልጆቹ ተረክኩላቸው። እንደ ትምህርት ነበር የምነግራቸው። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ አላውቅም ነበር የምልበት መንገድ የለኝም።

አዲሱ አሰልጣኛችን የመጡት በዚያው በመስከረም 2006 ዓ.ም. ነው። በከተማው አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወጣት መምህር ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሳያስፈቅዷቸው ስም መጥራት ተገቢ አይደለም፤ መምህር እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜም የምንላቸው እንዲሁ ነው። የሰፈራችን ቡድን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ መሰናበት ለምዶ ነበር። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን የሚመራቸው አልነበረም። ሰዉ የመምህርን መምጣት የተቀበለው ያለ ክርክር ነው፤ ሰውነት ቢሻው ለአገር ያደረጉትን አይቷል። ከመካከላችን የወጣ ሰው ይችላል የሚለው ሐሳብ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ተነሥቶ እኛ ሜዳ ድረስ ደርሶ ነበር።

መምህር ልምምዱን ንጋት ላይ አደረጉት። የባሌን ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተራራው የሚወርደው ጉም ሜዳውን ሸፍኖ የግቡ ቋሚ አይታይም። ልጆቹ አርፍደው ከመጡ አይቆጧቸውም፤ ዝም ብለው እንዲቀመጡና ሌሎቹን እንዲያዩ ያደርጓቸዋል። ከዚያ በኋላ ያረፈደ የለም። ውጤቱ የወረደበትን ልጅ ትምህርቱን እስኪያስተካክል ከቋሚ ተሰላፊነት ያወጡታል። መጀመሪያ ወላጆች ተደሰቱ፤ ቀጥሎ ወላጆች ሜዳ መምጣት ጀመሩ። ኳስ ሥራ ፈትነት ነው ይሉ የነበሩ እናቶች ውሃና ዳቦ ይዘው ዳር ሲቆሙ አይቻለሁ። ቦና የምንለው አዝመራ ተሰብስቦ ስንዴ ሲሸጥ ደግሞ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ ነበረው፤ አንድ ኮምባይነር ያለው ሰው ሙሉ ማሊያ ገዛልን። ውድድሩ ጥር ላይ ሲጀመር በመጀመሪያው ጨዋታ የነበረው ደጋፊ በአንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ይበቃ ነበር። ሩብ ፍጻሜው ላይ ሰው ሜዳውን ዙሪያውን ከቦ፣ ከግቡ ጀርባ ልጆች በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰፈራችን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ሲሆን አላየሁትም። በሕይወቴ ካየኋቸው ደስታዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህም ነው ያበላሸሁት ነገር የማይረሳኝ።

ስንሸነፍ በኖርንባቸው ዓመታት ደብተሬ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ማን በስንተኛው ደቂቃ፣ ከማን ጋር ስንጫወት፣ ለምን ጥፋት ካርድ እንዳየ ተጽፏል። በዚያ ውድድር ግን ሁለተኛውን ጨዋታ ከመዘገብኩ በኋላ ገጹ ባዶ ነው። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ጊዜ አጥቼ አይደለም። ስናሸንፍ እኔም ደጋፊ ሆንኩ። ጨዋታው ሲያልቅ ቁጭ ብዬ መጻፍ ሲገባኝ ከሰው ጋር እጨፍር ነበር። ይህን ያህል ያማረ ነገር በወረቀት ይበላሻል ብዬ ማሰብ አቆምኩ። አገሪቱ በሙሉ በዚሁ ነገር ስታለቅስ ካየሁ ዓመት እንኳን ሳይሞላ!

ልጁ ስድስት ቁጥር ለባሽ ነበር። መሀል ላይ ቆሞ የሌላውን ጥፋት የሚሸፍን፣ ጩኸት የማያውቅ ልጅ። ሩብ ፍጻሜው ላይ ሁለተኛ ቢጫውን አየ። ከሁለት ቀን በኋላ የኮሚቴው መልእክተኛ የታሸገ ደብዳቤ መንገድ ላይ ሰጠኝ፤ አላስፈረመኝም። ለግማሽ ፍጻሜው የመኪና ገንዘብ ከሚሰበስቡት ጋር ነበርኩ። ደብዳቤውን ኮቴ ኪስ ከተትኩት፤ የጨዋታ ሰዓት የሚገልጽ ነው ብዬ፣ ሰዓቱን ደግሞ አውቀዋለሁ ብዬ።

የግማሽ ፍጻሜው ዕለት ጠዋት ዝርዝሩን እየሞላሁ ልጁ ቤቴ መጣ። በር ላይ ቆሞ፦

«ጋሼ፣ ባለፈው ሁለተኛ ቢጫ አይቻለሁ መሰለኝ። ዛሬ መጫወት እችላለሁ?»

ቀና ብዬ እንኳን በደንብ አላየሁትም። «ኮሚቴው ምንም አላለም። አንተ ኳስህን ተጫወት» አልኩት። ደብዳቤው በዚያ ሰዓት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ።

ከጎባ የመጣውን ቡድን 2 ለ 1 አሸነፍን። ሁለተኛው ግብ የተነሣው ከልጁ እግር ነው። ማምሻውን ተጋጣሚዎቻችን ክስ ማስገባታቸውን ስሰማ ቤቴ ገብቼ ኮቱን አወረድኩ፤ ደብዳቤውን ከፈትኩ። ስሙ ተጽፏል፤ የሚቀጥለውን አንድ ጨዋታ አይሰለፍም ይላል። ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ቀዳድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ካርድ አለመቁጠሬ ስንፍና ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እያወቅኩ ያደረግኩት ነው።

በማግስቱ መምህር ጠየቁኝ፦ «ጋሼ፣ ደብዳቤ ደርሶን ነበር?»

«አልደረሰንም» አልኩ።

አመኑኝ። ኮሚቴው ልኬያለሁ ስላለ ውሳኔው ጸና። ደጋፊው ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ሲጮህ መምህር ፊቱ ወጥተው «የቡድኑ አሰልጣኝ እኔ ነኝ፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አሉ። ሰው ይህን አልተቀበላቸውም፤ ስለሚወዳቸው ነው። የሚቆጣበት ሰው ፈለገ፤ ልጁን አገኘ። ልጁ «ጋሼን ጠይቄ ነበር» ቢል ኖሮ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። አላለም። እኔን ያየኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሻይ ቤት ውስጥ «እንዴት የራሱን ካርድ አያውቅም?» ሲሉ «ልጅ ነው፤ ጓጉቶ ነው» ብዬ መለስኩ። ለእሱ የተከራከርኩ አስመስዬ ጥፋቱን አጸደቅኩበት። ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ ይህን ያህል የሚያሳፍረኝ የለም።

ፌዴሬሽኑን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ፌዴሬሽኑ ግን አጠፋሁ ብሎ ነበር። የብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎች ብራዛቪል ሄደው የሚያካክሱበት ጨዋታ ነበራቸው፤ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ጥሎ ማለፍ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ብታሸንፋቸውም የተሸነፉት ኳስ ተጫውተው ነው። ልጁ የሚያካክስበት ጨዋታ አልተሰጠውም። ልምምድ መምጣት ተወ። መምህር ቤቱ ድረስ ሄደው ለመኑት፤ እሺ ብሎ ሳይመጣ ቀረ። ክረምቱ ሳይገባ ቡድኑ ተበተነ፤ መምህርም ተዛውረው ከሮቤ ሄዱ። ልጁ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ሻሸመኔ ሥራ ገባ።

አሁን ሰፈራችን እንደገና ቡድን አቋቁሟል፤ ወጣት አሰልጣኝ አምጥቷል፤ ሰው እንደገና ዳር መቆም ጀምሯል። ያን የድሮውን ዓይነት ፊት ሰዎች ላይ እያየሁ ነው። ጎረምሶቹ መጥተው «ጋሼ፣ ልምድ አለዎት፤ ቡድን መሪ ይሁኑልን» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ የልጁን ስልክ ከዘመዱ ተቀብዬ ደወልኩ።

ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ኪሴን፣ ምድጃውን። እንደተቃጠለ አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔማ የጠየቅኩዎትን አልረሳሁም። እርስዎ የረሱ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ረስቶ ነው ብሎ ይቅር ሲለኝ ኖሯል። እንዳልረሳሁ ሲያውቅ ድምፁ ተለወጠ፤ መለወጡም ትክክል ነው። ይቅርታ አድርግልኝ ስለው «ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ያኔ ለሰሙት ይንገሩ» አለኝ።

ሻይ ቤቱ ሄጄ ተናገርኩ። ያኔ ከነበሩት ጥቂቶቹ አሉ። ግማሾቹ ነገሩን ጨርሶ አያስታውሱትም፤ «የቱ ልጅ?» አሉኝ። እነሱ የጮኹት ለአንድ ሳምንት ነው፤ ልጁ ግን ኳስ የተወው ለዕድሜ ልኩ ነው። አንድ የሚያስታውስ ሽማግሌ ብቻ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና «ስልኩን ስጠኝ፤ እኔም ብዬዋለሁ» አሉ። እዚያው ደውለው አናገሩት። የሚናገሩት ሲጠፋቸው በኦሮምኛ መረቁት።

የቡድን መሪነቱን አልተቀበልኩም። ደብተሩን ግን ለተመረጠችው ወጣት አሳይቻታለሁ፤ የተሞሉትን ገጾችም፣ ባዶዎቹንም። ለምን ባዶ እንደሆኑም ነግሬያታለሁ።

አንድ ሰው ቀርቶኛል። መምህር የት እንዳሉ እስካሁን አላገኘሁም፤ ያጻፈኝም ይኸው ነው። መምህር፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፣ ደብዳቤው ደርሶኝ ነበር። ሳልከፍተው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት። ያን ቀን ደጋፊው ፊት ቆመው ኃላፊነቱ የእኔ ነው ሲሉ ከኋላዎ ሁለት እርምጃ ያህል ቆሜ ነበር፤ ወደፊት መውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።